ጨርሰሽ ነይ

በቀን ሃያ ጊዜ «ጨርሱት» እላለሁ። ሥራዬ ነው። መቱ ላይ ትንሽ መድኃኒት ቤት ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ እውላለሁ። የሳንባ ምች መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ ተሻለኝ ብሎ የቀረውን እንክብል ለጎረቤቱ እንዳያካፍል አስጠነቅቃለሁ፤ እቆጣለሁ፤ ሲብስም በአማርኛም በኦሮምኛም እለምናለሁ። ስለዚህ መጨረስ ምን እንደሆነ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። እንክብል ይጨረሳል፣ ግዴታ ነው። መጽሐፍ ግን ግማሽ ላይ ቢተዉት የሚያገረሽ በሽታ የለውም።

ይህን የምጽፈው ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ መደርደሪያዬን አይቶ ስለሚታዘበኝ ነው። ከመጽሐፎቼ ግማሾቹ መሐላቸው ላይ ወረቀት እንደተሰካባቸው ቆመዋል። አንዱ ስድሳኛው ገጽ ላይ፣ አንዱ መቶኛው ላይ፤ አንዱማ መግቢያውን እንኳ አላለፈም። «ይሄን ሁሉ ጀምረሽ ተውሽው?» ይሉኛል፣ ልጇን ጥላ እንደሄደች ሴት ሽቅብ ቁልቁል እያዩኝ። አዎ፣ ተውኩት። ነገም ሌላ እተዋለሁ። ለዚህ መብቴ አንድ ሙሉ ክረምት ከፍዬበታለሁና ማንም አያሳፍረኝም።

ነገሩ የተጀመረው በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ሞባይል ለመቱ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ዳሪሙ ተወልደው፣ ኡካና ኖፓ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በመጨረሻ መቱ ቤት ሠርተው ተቀመጡ። ጋሼ ነበር የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ነበር፣ ሌላ ሰው ቤት ብርጭቆና ሰሃን የሚደረደርበት ዓይነት። እሳቸው መጽሐፍ ደርድረውበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡና የሰፈሩ ልጆች ተሰልፈን እንዋሳለን። ትምህርት ቤት የነበረው መማሪያ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ አንደኛ ደረጃን የተማርነው ደግሞ በኦሮምኛ ስለነበር፣ የአማርኛ ልብ ወለድ ያማረው ልጅ ከዚያ ቁም ሳጥን ሌላ መሄጃ አልነበረውም።

ጋሼ ሕግ ነበራቸው። የወሰድሽውን ሳትጨርሺ ሌላ አይሰጥሽም። መጨረስሽንም ማስመስከር አለብሽ፤ የበረንዳው ደረጃ ላይ ወጥተሽ፣ ተራ የሚጠብቁት እንዳይሰሙ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ታሪኩ በምን እንዳለቀ ትነግሪያቸዋለሽ። ካመኑሽ ራሳቸውን ነቅንቀው ቁም ሳጥኑን ይከፍታሉ። ካላመኑሽ የሚሉት ያው ነው፦ «ጨርሰሽ ነይ።»

አዲስ ተዋሽ ሁሉ ደግሞ የሚጀምረው በአንድ መጽሐፍ ነው። አራት ጣት የሚወፍር፣ ግራጫ ሽፋን ያለው፣ ስለ አንድ የርስት ተከራካሪ የሚያወራ ልብ ወለድ። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው የሰጧቸው የስንብት ስጦታ ነበር፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሁሉም ፊርማ አለበት። «ይሄን የጨረሰ ምንም አያቅተውም» እያሉ በሁለት እጃቸው ነበር የሚሰጡት። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ሃምሳኛው ገጽ ላይ ሞትኩ። ሰውየው በቅሎውን ጭኖ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዳኛው የለም፤ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ይመለሳል። በቅሎዋ ትደክማለች። እንደገና ይሄዳል፤ ዳኛው አለ፣ መዝገቡ ግን የለም። ይመለሳል። በቅሎዋ ትደክማለች። ደራሲው እግዜር ይይለትና አንዲት ቀጠሮ እንኳ አልዘለለም። ከሰውየው ይልቅ ለበቅሎዋ አዘንኩ።

እኔ የምፈልገው ሌላ ነበር። ቁም ሳጥኑ ሦስተኛ መደርደሪያ ላይ ቀይ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አለ። ጓደኛዬ ተውሳ እያነበበችው፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በጥቂት በጥቂቱ ታወራልኝ ነበር። ፀጉሯን ተቆርጣ፣ ወንድ መስላ፣ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ስለተሰደደች ልጅ ነው። አንድ ቀን ልጅቷ ወንዝ መሐል ሳለች ጓደኛዬ ቤቷ ደረሰችና ገባች። በማግስቱ መጽሐፉን መልሳዋለች፤ «ቀሪውን ራስሽ አንብቢው፣ ከነገርኩሽ ምኑን ታነቢዋለሽ?» አለችኝ። እንግዲህ እዚያ ወንዝ ውስጥ ቀረሁ። እኔን ከዚያ የሚያወጣኝ ግራጫውን መጽሐፍ ጨርሶ መመለስ ብቻ ነበር።

«አንቺ ግን ያን መጽሐፍ እንዴት ጨረስሽው?» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «ዺሲ ባክሽ! ተዪው፣ ማን ጨረሰው? መጨረሻውን እነግርሻለሁ፤ አንድ የተጠበሰ በቆሎ ታመጪያለሽ።»

መጨረሻው ይህ ነበር፦ ፈረዱለት፣ ርስቱን አስመለሰ፣ የጎረቤቱን ልጅ አገባ። ለእሷ የነገራት አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ነው። ለእሱ ታላቅ ወንድሙ። ለወንድሙ ማን እንደነገረው የሚያውቅ የለም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በበቆሎ የገዛትን አንዲት ፍጻሜ ይዞ ደረጃው ላይ ይወጣል፣ ጋሼ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ቁም ሳጥኑ ይከፈታል። ለስንት ዓመት እንዲህ እንደቆየ እንጃ።

እምቢ አልኩ። ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ለእናቴ ስዋሽ ዓይኔን አላሽም ነበር። ግን የሰለቸኝን መጽሐፍ አንብቤ የረካሁ መስዬ ደረጃ ላይ መቆሙ ቆሽቴን አሳረረው። ለምን? መጽሐፉ ነው ያሰለቸኝ፣ እኔ ምን አጠፋሁና ነው የምዋሸው? ቅዳሜ ደርሶ ተራዬ ሲመጣ ፊት ለፊት ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ መጽሐፍ አልጣመኝም። ይለውጡልኝ።»

ከኋላዬ አንዱ ሳቁን አፈነ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንተኛው ገጽ ደረስሽ?»

«ሃምሳ ሦስት።»

«ጨርሰሽ ነይ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ ያንኑ ደገምኩ፤ እሳቸውም ያንኑ ደገሙ። በሦስተኛው ቅዳሜ ገና ደረጃውን ስወጣ በእጃቸው መለሱኝ፤ መናገርም አላስፈለጋቸው። ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ መጽሐፉን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ቀዩን ጭቃ እየረገጥኩ ቤቴ ገባሁ። መንገድ ላይ ደሜ ፈላ። ቆይ፣ አልኩ ለራሴ፤ እጨርሰዋለሁ። እጨርሰውና «አነበብኩት፣ መጨረሻውም እንደ መጀመሪያው መጥፎ ነው» እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ምን እንደሚሉ አያለሁ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሽንኩርት እየላጥኩ አነበብኩ፤ ወረፋ ይዤ ቦኖ ውኃ እየጠበቅኩ አነበብኩ። እንዲህ በንዴት የተነበበ መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም። እናቴ «ምነው ይሄን ያህል ወደድሽው?» ስትለኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጨረሻው አካባቢ ደረስኩና ልገልጥ ስል ገጹ እምቢ አለኝ።

የመጨረሻዎቹ ስምንት ገጾች ከላይ ጫፋቸው ተያይዘዋል። ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን አጥፎ ሲጠርዝ እጥፋቱን መቁረጥ ረስቶታል። ከጎን በጣቴ ከፈት አድርጌ አጮልቄ አየሁ፤ ፊደል አለ፣ ግን ሊነበብ አይችልም። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ጋሼ «አበላሸሽው» ብለው እንዳይቆጡኝ ነበር። ቀጥሎ ያለው ሐሳብ ግን አስቀመጠኝ። እነዚህን ገጾች እስከ ዛሬ የከፈታቸው የለም። ጓደኛዬም፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ልጅም፣ ወንድሙም። ከዚያ ቀስ ብሎ ደግሞ የመጽሐፉ ባለቤት ትዝ አሉኝ።

ምላጭ አምጥቼ ቆረጥኳቸው። ስለቸኮልኩ ጫፋቸው ተቀዳደደ። የፍርዱ ቀን ሰውየው ችሎት ደጃፍ ተቀምጧል። ስሙ ተጠራ። አቤት አላለም። ሁለተኛ ተጠራ። ተነሣና በቅሎውን ፈትቶ ወደ አገሩ መንገድ ጀመረ። ፈረዱለት የለ፣ ርስት የለ፣ የጎረቤት ልጅ የለች። ክርክሩን ትቶት ሄደ። ለብቻዬ ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ሰውየውን የወደድኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ደረጃው ላይ ወጣሁ። ከበረንዳው ክዳን ሥር ሰባት ስምንት ልጅ ዝናቡን ተጠልሎ ተራውን ይጠብቃል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው፦ «የፍርዱ ቀን ስሙ ሲጠራ አቤት ሳይል ትቶ ሄደ።»

ጋሼ አማርኛቸው የመጽሐፍ ነበር፤ ሲቆጡ ግን በኦሮምኛ ነው። «ሶባ!» ብለው ጮኹ። ልጆቹ ሁሉ ዞሩ። «ውሸት! አላነበብሽም! ሰውየው ተፈረደለት። ርስቱን አስመለሰ። አገባ!»

ያ ሁሉ ልጅ በበቆሎ ዋሽቶ አልፎ፣ እኔ አንብቤ ውሸታም ተባልኩ። ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፤ ግን ንዴቱ ቀደመ። ፌስታሉን ፈታሁና መጽሐፉን መጨረሻው ላይ ገልጬ፣ ልጆቹ እንዳያዩ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ዓይናቸው ሥር ያዝኩት። መነጽራቸውን አደረጉ። በአውራ ጣታቸው የተቀዳደደውን ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

«ማነው የቆረጠው?» አሉ፤ ድምፃቸው ወርዷል።

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከዚያ ተነሡና «ግቢ» አሉኝ።

ሳሎን ውስጥ በሩን ገርበብ አድርገው ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። በስድስት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ቀርቤው አላውቅም። «የፈለግሽውን ውሰጂ» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «ከእንግዲህ አልጠይቅሽም፣ ብትጨርሺም ባትጨርሺም። ነገሩ ግን እዚሁ ይቅር።»

እጄ ቀዩ መጽሐፍ ላይ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጀርባውን ጨብጬዋለሁ። ወንዙ መሐል የቀረችውን ልጅ በጣቴ ነክቻታለሁ። ያን ጊዜ ከውጪ የአንዷን ልጅ ሳል ሰማሁ። ግራጫውን መጽሐፍ ለመዋስ ተራዋን የምትጠብቅ፣ አዲስ ናት፤ ስገባ አይቻታለሁ።

«ለእነሱስ?» አልኩ።

«እነሱ ጨርሰው ይምጡ።»

«ጋሼ» አልኩ፣ «እርስዎ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው የተዉት?»

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለትልቅ ሰው፣ ያውም ለመምህር፣ ያውም ሳሎናቸው ውስጥ ቆሞ መጠየቅ በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለመቱ ሰው አልነግረውም። ፊታቸው ጠቆረ። ጣታቸውን ወደ በሩ ቀሰሩ። ቀዩን መጽሐፍ ወደ ቦታው ገፋ አደረግሁና «ሕጉ ለሁሉም ካልቀረ ለእኔም አይቅር» ብዬ ወጣሁ። ጓደኛዬ ሮጣ መጥታ «ምን ሰጡሽ?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት። ጋሼ መጽሐፉን እንዳልጨረሱት ያኔ ለእሷም ለማንም አልተናገርኩም። እዚሁ ይቅር ብለዋልና አስቀረሁላቸው፤ ዋጋውን ግን አልተቀበልኩም።

እናቴ ወሬው በሁለተኛው ቀን ደረሳት፣ ተጋኖ። «ትልቅ ሰው ቤቱ ድረስ ሄደሽ ታዋርጂ? አሁኑኑ ሄደሽ እግራቸው ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ!»

«ምን አድርጌ?»

«ምንም ብታደርጊ!»

ግግም አልኩ። በመጨረሻ ራሷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በጣሳ ማር ይዛ ሄደች። ማሩን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ ስለ እኔ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሸኟት። እናቴ ለአንድ ሳምንት ኩርፊያዋን አልለቀቀችም።

ክረምቱ ረጅም ነበር፤ እኛ አገር ዝናብ ሲጀምር መቼ እንደሚያቆም አይታወቅም። ያ ክረምት ያለ መጽሐፍ አለፈ። ያላነበብኩት ነገር አልነበረም፦ ስኳር የሚጠቀለልበት ጋዜጣ፣ የሳሙና ካርቶን፣ የጎረቤታችን ሴትዮ የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ያለው የታጠፈ ወረቀት። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ስለሚያስመልሰውም፣ ስለሚያሳክከውም፣ ከምግብ በፊት ነው በኋላ ስለሚለውም። ማንም ጨርሺው ሳይለኝ። ዛሬ ባንኮኒ ጀርባ ያቆመኝ እሱ ይሆናል፤ ጋሼን ለዚህ ላመስግናቸው አላመስግናቸው ግን እስካሁን አልወሰንኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ይከፋኝ ነበር። በመስኮት ልጆቹ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ሲያልፉ እያየሁ፣ «ምን አለበት ዝም ብዬ ብወስደው ኖሮ» ያልኩባቸው ቅዳሜዎች አሉ። ከአንድም ሁለት ጊዜ ጫማዬን አድርጌ ልወጣ ተነሥቻለሁ። መልሼ አወለቅሁት።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር ጓደኛዬ እያለከለከች መጣች። «ጋሼ ምን እንደነካቸው እንጃ! ዛሬ መጨረሻውን አልጠየቁኝም። ‹የት ላይ ተውሽው? ለምን?› ነው የሚሉት። ሁሉንም ልጅ! አዲሷን ልጅ ደግሞ ግራጫውን መጽሐፍ አስመልሰው ሌላ ሰጧት።» ከፌስታሏ ቀዩን መጽሐፍ አወጣች። «ይሄን ደግሞ ‹ለዚያች ለደረቅ ልጅ ስጫት› አሉኝ።»

መሐሉ ላይ ወረቀት ተሰክቶበታል። የጋሼ የሰሌዳ እጅ ጽሕፈት ነው፤ ሰላምታ የለ፣ ይቅርታ የለ። «መቶ አሥራ ሁለት» ብቻ ይላል። ጓደኛዬ ገልብጣ አየችውና «ምንድነው ደግሞ ይሄ?» አለች። እኔ ግን ሳሎናቸው ውስጥ የጠየቅሁትን አልረሳሁም። ስንተኛው ገጽ ላይ እንደተዉት ነበር የነገሩኝ። ወረቀቱን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

ቀዩን መጽሐፍ እዚያው ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ ጀመርኩት። እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ አላስደሰተኝም። ጓደኛዬ በእግር መንገድ ስታወራው የነበረው ይሻል ነበር። ልጅቷ ወንዙን ተሻገረች፣ ከዚያ ሠላሳ ገጽ ሙሉ አለቀሰች። ያን ያህል የተመኘሁትን፣ ያን ያህል የተቀጣሁበትን መጽሐፍ ሰማንያ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ዘጋሁት። ቅዳሜ ደረጃውን ወጥቼ «ሰማንያ ዘጠኝ፤ ልቅሶዋ በዛ» ስላቸው፣ ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ስነግራቸው «አየሽ፣ ጨርሰሽው አይደል መጨረሻውን ያወቅሽው?» ይሉኛል፣ ያሸነፉኝ መስሏቸው። አልተሸነፍኩም። ያ ሕግ ስንት ዓመት ሲሠራ አንድ ልጅ እንኳ መጨረሻው ገጽ አላደረሰም። ያደረገው ቢኖር ሁላችንንም በበቆሎ መዋሸት ማስተማር ነው። እኔን ያደረሰኝ እልህ ነው፤ እልህ ደግሞ መጽሐፍ መውደድ አይባልም። የወደድኩትን መጽሐፍ ጨርሺ ያለኝ የለም፤ እንዳያልቅብኝ ነው የምሰስተው።

ጋሼ አሁን አርጅተዋል። ስኳሩ ዓይናቸውን አድክሞታል፤ ፊደል አይለዩም። ቅዳሜ ከሰዓት መድኃኒታቸውን ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ «ይሄን ግን ይጨርሱታል» ስላቸው ያጉረመርማሉ፣ ግን ይጨርሱታል። ከዚያ አነብላቸዋለሁ። ቁም ሳጥኑ እዚያው አለ፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚዋስ ልጅ ጠፍቷል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው።

በቀደም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያስመጣሁትን አንድ ወፍራም አዲስ መጽሐፍ ይዤላቸው ሄድኩ። ሰው ሁሉ ያወደሰው ነው። ጀመርኩ። አሥረኛው ገጽ ላይ ድምፄ መፍዘዝ ጀመረ። ሃያኛው ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ራሱ አላስተዋልኩትም። ቢሆንም ቀጠልኩ፤ ስጦታ ነው፣ ታመዋል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጸጥታ ያዳምጣሉ፤ ምናልባት ጥሟቸው ይሆናል ብዬ። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ወደድሽው?»

«ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ይላል፣ ጋሼ።»

«አንቺን ነው የጠየቅሁት።»

«አልወደድኩትም።»

«እኔም መግቢያው ላይ ነው የተኛሁት» አሉ። ከዚያ የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ገጽ የምታነቢው ማንን ፈርተሽ ነው?»

በረንዳው ላይ «ጨርሰሽ ነይ» ይል የነበረውን ሰው እንደፈራሁ ሁለታችንም እናውቃለን። መጽሐፉን አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ዘጋሁትና ከቁም ሳጥኑ ሌላ ለማምጣት ተነሣሁ።